ታሪክ ተምሮ ምን ይበላል? የዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ሕይወት



ሰሞኑን እዚህ ቤር ሼቫ፣ ዳሌት ሰፈር ውስጥ ሽማግሌዎች ሙአዶን ተቀምጠው ሲጨዋወቱ አንድ ነገር ተነሣ። የአንዱ አባት የልጅ ልጅ የጦር ሠራዊት አገልግሎቷን ጨርሳለች፤ ባግሩቷም ደኅና ነው። አሁን ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ እማራለሁ ብላ ተነሥታለች። አያትየው ግን ልባቸው አልወደደውም። ነርስ ብትሆን ሶሮካ ሆስፒታል ደጃችን ነው፤ ኮምፒውተር ብትማር ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ታሪክ ተምራ ምን ትበላለች? ያለፈውን ነገርማ እኛው በነጻ እንነግራት የለም ወይ? ብለው ሲናገሩ ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እውነት ለመናገር የአያትየው ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። እንጨት ለቅመን፣ ውኃ ቀድተን፣ በሱዳን በረሃ አልፈን የመጣን ሰዎች ልጆቻችን እንጀራ የሚያበላ ሙያ እንዲይዙ ብንመኝ ማንም አይፈርድብንም። ነገር ግን ያን ቀን የተነሣው ጥያቄ ዝም ብሎ የሚታለፍ አልመሰለኝም። ምክንያቱም እኛ ዛሬ በዚህች አገር በሕግ ተቀምጠን፣ መታወቂያ ይዘን የምንኖረው፣ አንድ ወጣት ከ120 ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የማይበላ የሚመስል ትምህርት ስለተማረም ጭምር ነው። ያ ወጣት ስሙን ሁላችሁም የምታውቁት ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ነው። ፈረንጆቹ ዣክ ይሉታል። ከእናንተ መካከል ወላጆቻችሁ በዓይናቸው ያዩዋቸው ትኖራላችሁ። ስማቸውን እንጂ ሕይወታቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነውና፣ ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከሎድዝ እስከ ፓሪስ

ፋይትሎቪች የተወለዱት በ1881 በሎድዝ ከተማ ነው። ሎድዝ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ያኔ በሩሲያ ንጉሥ ሥር ነበረች። የጨርቅ ፋብሪካ የበዛባት፣ አይሁድም በብዛት የሚኖሩባት ከተማ ነበረች። እንደዚያ ባለ ከተማ ለአንድ አይሁዳዊ ልጅ የተከፈተው መንገድ ወይ ንግድ ወይ የሃይማኖት ትምህርት ነው። እሳቸው ግን ወደ ፓሪስ ሄደው በዩኒቨርሲቲ የምሥራቅ አገሮችን ቋንቋና ታሪክ ለመማር መረጡ። ግዕዝና አማርኛም ተማሩ። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ዘመን አንድ የፖላንድ አይሁዳዊ ወጣት ግዕዝ ተምሮ ምን ይበላል? ዘመዶቻቸው የእኛ አያት ያሉትን ሳይሉ የቀሩ አይመስለኝም።

በፓሪስ ያስተማሯቸው መምህር ዮሴፍ ሃሌቪ ይባላሉ። ሃሌቪ በ1827 በቱርክ ግዛት፣ በአድሪያኖፕል ከተማ የተወለዱ ትልቅ ሊቅ ነበሩ። የእሳቸውን ታሪክ ሳይነኩ የተማሪያቸውን መናገር አይቻልም፤ ነገሩ ሁሉ የተያያዘ ነውና።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የአውሮፓ ሚስዮናውያን ወደ ጎንደር አካባቢ ገብተው ነበር። ቤተ እስራኤልን ሃይማኖት ለማስለወጥ መጽሐፍ ያድሉ፣ ትምህርት ቤት ይከፍቱ ነበር። ወገኖቻችን ብዙ ተጨነቁ። በ1862 አባ ማሐሪ ሕዝቡን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም እንሄዳለን ብለው በእግር እንደ ወጡና፣ ብዙው ሰው በመንገድ በረሃብና በበሽታ እንዳለቀ ከአባቶቻችን ሰምተናል። ወሬው አውሮፓ ሲደርስ በ1864 ጀርመናዊው ረቢ አዝሪኤል ሂልደስሃይመር፣ እነዚህ ወንድሞቻችን ናቸው፣ እንርዳቸው የሚል ጥሪ አወጡ። ከዚህ በኋላ ነው በፓሪስ ያለው አሊያንስ የሚባለው የአይሁድ ማኅበር ሃሌቪን እውነቱን አጣርተው እንዲመጡ የላካቸው።

ሃሌቪ በ1867 እና 1868 ወደ ኢትዮጵያ ሄዱ። አፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ ላይ የተፋለሙበት፣ አገሩ ሁሉ የታወከበት ጊዜ ነበር። ወገኖቻችን ጋ ደርሰው እኔም እንደ እናንተ ነኝ ቢሉ ማን ያምናቸዋል? ነጭ ሰው ሁሉ ሚስዮናዊ ነበረና፣ ይኸም ሌላ ማታለያ ነው ተባለ። የኢየሩሳሌምን ስም ሲያነሡና ስለ ቅድስቲቱ ከተማ ሲያወሩ ግን የሰዉ ፊት ተለወጠ፤ እንባም መጣ። ሃሌቪ ተመልሰው ያዩትን ሁሉ ጽፈው አስረከቡ። ማኅበሩ ግን ነገሩን አቀዘቀዘው። የሃሌቪ ወረቀት መደርደሪያ ላይ ቀረ።

36 ዓመት አለፈ። በዚህ መሃል ምን እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከ1888 እስከ 1892 ክፉ ቀን መጣ። ከብት በበሽታ አለቀ፣ እህል ጠፋ፣ የሰው ልጅ በየመንገዱ ወደቀ። ከቤተ እስራኤልም ብዙ መንደር ባዶ ሆነ፤ ብዙ ቤተሰብ ተበተነ። ሃሌቪ ያዩት ሕዝብና ከእሳቸው በኋላ የተረፈው ሕዝብ በቁጥር አንድ አልነበረም።

ሃሌቪ ግን ያዩትን አልረሱም። ፓሪስ ተቀምጠው ግዕዝ ያስተምሩ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ያ ከሎድዝ የመጣ ወጣት ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አንዱ ጥቅም ይኸ ነው፤ አንድ መምህር ሠርቶ ያልተሳካለትን ነገር አደራ ብሎ ለተማሪው ያወርሳል። ማኅበር የናቀውን ወረቀት ተማሪ አንሥቶ ያነበዋል።

የ1904 ጉዞ

ፋይትሎቪች ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳሉ ከባሮን ኤድሞንድ ዴ ሮትሽልድ ገንዘብ አግኝተው በ1904 ጉዞ ጀመሩ። በኤርትራ በኩል፣ በምጽዋና በአሥመራ አድርገው፣ ከዚያም በእግርና በበቅሎ ወደ ጎንደር አካባቢ ገቡ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አቀበቱና ቁልቁለቱ፣ ወንዙ፣ ወባው ለአገሬው ሰው እንኳ የሚቀል አይደለም።

ከሌላው ፈረንጅ የለያቸው ግን ጉልበታቸው ሳይሆን የተማሩት ነገር ነው። አስተርጓሚ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ከሰዉ ጋር በቋንቋው ተነጋገሩ። ቄሶቻችን የሚጸልዩበትን የግዕዝ መጽሐፍ እሳቸውም ማንበብ ይችሉ ነበር። በየመንደሩ እየተቀመጡ ሰንበት እንዴት እንደሚከበር፣ ፋሲካ እንዴት እንደሚደረግ፣ ጾሙና በዓሉ መቼ እንደሚውል እየጠየቁ መዘገቡ። ሚስዮናውያኑ የጻፉትን አነበቡ፤ ሃሌቪ የጻፉትን አነበቡ፤ ከዚያ ራሳቸው ካዩት ጋር አስተያዩ። አንዱ ሲል ሌላው ካላለ፣ ለምን እንደሆነ ጠየቁ። የታሪክ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስት ዓመት የሚለማመደው ዋናው ሥራ ይኸው ነው። ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ለማን ብሎ ጻፈው? ሌላ ምስክር አለ ወይ? የሚለውን ጥያቄ ይዞ መዋል ነው።

ሲመለሱ ስለ ጉዟቸው በፈረንሳይኛ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1906 ደግሞ ሞተ ሙሴ የሚባለውን፣ ቄሶቻችን የሚያውቁትን የግዕዝ መጽሐፍ፣ ከዕብራይስጥና ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በፓሪስ አሳተሙት። በ1907 የአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ሰብስበው ከነትርጉማቸው አወጡ። እናንተ ቡና ላይ የምትጥሉት ተረትና ምሳሌ በፓሪስ ማተሚያ ቤት ገብቶ፣ ሊቅ የሚመረምረው መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው።

ወደ አውሮፓ ሲመለሱ ብቻቸውን አልነበሩም። ሁለት ልጆች ይዘው ሄዱ፤ ጌቴ ኤርምያስንና ታምራት አማኑኤልን። ታምራትን ያገኟቸው አሥመራ፣ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ያኔ ታምራት የ16 ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። ወደ እሳቸው በኋላ እንመለሳለን።

ሁለት ምስክር በአንድ ዓመት

የፓሪሱ ማኅበር የፋይትሎቪችን ወሬ በቀላሉ አልተቀበለም። ወጣት ነው፣ ስሜታዊ ነው፣ ከወደደው ሕዝብ ጎን ቆሟል ተባለ። ስለዚህ በ1908 ሌላ ሰው ላከ። የተላኩት ረቢ ሐይም ናሁም ነበሩ፤ ወዲያው በቱርክ መንግሥት ዋና ረቢ የሆኑት ናቸው። እሳቸው ተመልሰው የሰጡት ዘገባ ቀዝቃዛ ነበር። የሕዝቡን ቁጥር አሳንሰው አቀረቡ፤ በመንደሮቹ ትምህርት ቤት መክፈትንም አልደገፉም። ማኅበሩ የፈለገው ይህን ነበርና ፋይሉን ዘጋው።

ፋይትሎቪችም በዚያው በ1908 ለሁለተኛ ጊዜ ሄደው እስከ 1909 ቆዩ። በእጃቸው ከአርባ በላይ ረቢዎች የፈረሙበት፣ ለቤተ እስራኤል የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። እናንተ ወንድሞቻችን ናችሁ፣ አልረሳናችሁም የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው። ይህ ደብዳቤ በየመንደሩ ሲነበብ ለሕዝቡ ምን ማለት እንደነበረ እናንተ ከእኔ በላይ ትረዱታላችሁ። በዓለም ላይ የቀረን አይሁድ እኛ ብቻ ነን ብለው ለሚያስቡ ሰዎች፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ አውሮፓ ውስጥ ዘመድ አላችሁ መባል ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአንድ ዘመን፣ ስለ አንድ ሕዝብ፣ ሁለት የተማሩ ሰዎች ሁለት የማይገጥም ዘገባ ጻፉ። የትኛውን ነው የምናምነው? አንድ የታሪክ ተማሪ ቁጭ ብሎ ይመረምራል። አንዱ ምን ያህል ጊዜ ተቀመጠ? ቋንቋውን ያውቃል ወይስ በሌላ ሰው አፍ ነው የሰማው? ማን ላከው? የላከው ሰው ምን መስማት ይፈልግ ነበር? እንዲህ ያለው ምርመራ የአንድን ሕዝብ ዕድል ይወስናል። ያኔ በደንብ ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ትምህርትም እርዳታም ከብዙ ዓመት በፊት በመጣ ነበር።

ፋይትሎቪች ማኅበሩ ፊቱን ሲያዞርባቸው ተስፋ አልቆረጡም። በጣሊያን፣ በፍሎረንስ ከተማ፣ በረቢ ሽሙኤል ጽቪ ማርጉሊስ እርዳታ ለቤተ እስራኤል የቆመ ኮሚቴ ተቋቋመ። ቀጥሎ በጀርመን፣ በ1922 ደግሞ በአሜሪካ ኒውዮርክ ተቋቋመ። እሳቸው ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ በየምኩራቡ ንግግር እያደረጉ ገንዘብ ሲለምኑ ኖሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በስዊዘርላንድ፣ በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በ1921 ረቢ አብርሃም ይስሐቅ ኩክ ለዓለም አይሁድ ሁሉ እነዚህን ወገኖች አድኑ የሚል ጥሪ ጻፉ። ያም ወረቀት እንደ ሌሎቹ ተቀመጠ። ወደ እሱም እንመለሳለን።

ትምህርት ቤቱና ልጆቹ

በ1913 በደምቢያ ትንሽ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ያ አሥመራ ላይ የተገኘው ልጅ፣ ታምራት አማኑኤል ሆኑ። ታምራት በፓሪስ ከተማሩ በኋላ በፍሎረንስ በረቢዎች ኮሌጅ ተምረው፣ ብዙ ቋንቋ አውቀው፣ ትልቅ ሊቅ ሆነው ነበር የተመለሱት። ከጎንደር ገጠር በእግር የመጡ ልጆች በእሳቸው እጅ ዕብራይስጥና ሌላ ትምህርት ተማሩ።

ከትምህርት ቤቱና ከመንደሮቹ የተመረጡ ሃያ አምስት ያህል ልጆች በየጊዜው ወደ ውጭ አገር ተላኩ። አንዱ የወለቃው ልጅ ዮና ቦጋለ ናቸው። በኢየሩሳሌም፣ በጀርመን ፍራንክፈርት፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተምረው ተመለሱ። ጊዜው ሲደርስ የሕዝባችን አፍና ብዕር ሆነው፣ ደብዳቤ እየጻፉ፣ እንግዳ እየተቀበሉ፣ ወደ እስራኤል የመግባትን ጥያቄ በዓለም ፊት ያቆሙ እሳቸው ነበሩ። በ1979 እስራኤል ገቡ፤ በ1987 አረፉ። ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁና ብዙ አልልም።

በ1936 ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ታምራትም አገር ለቀው ተሰደዱ። ጣሊያን ሲወጣ ተመልሰው ለኢትዮጵያ መንግሥት ሠሩ። በመጨረሻም ወደ ኢየሩሳሌም መጥተው በ1963 እዚያው አረፉ። ከገጠር የወጣ አንድ ልጅ፣ በአንድ የግዕዝ ተማሪ እጅ ተስቦ፣ እዚህ ደረሰ።

ያልተወራው ጎን

ሰው ስናመሰግን ጥፋቱን መሸፈን የእኛ ልማድ ነው። ታሪክ ግን እንደ ለቅሶ ቤት ሙገሳ አይደለም። ስለዚህ ሌላውንም ጎን እንናገር።

ፋይትሎቪች ሕዝባችንን ይወዱ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ራሳቸው አድርገው ሊያስተካክሉት ይፈልጉ ነበር። የአውሮፓ አይሁድ የሚያደርገው ልክ፣ የእኛ አባቶች ያቆዩት ደግሞ የጎደለ ይመስላቸው ነበር። መሥዋዕቱ እንዲቀር፣ የመነኮሳቱ ሥርዓት እንዲቀር፣ ሰንበቱም በዓሉም እንደ ረቢዎች ሥርዓት እንዲሆን ጣሩ። ቄሶቻችን በሺህ መከራ ያቆዩት ሥርዓት እንደ ኋላ ቀር ነገር መታየት የጀመረው ያኔ ነው ብለው የሚናገሩ የዘመኑ ተመራማሪዎች አሉ። ዛሬ የቄሶቻችን ክብር በረቢዎች ቢሮ በኩል ሲጓደል የምታዩት ነገር ሥሩ ሩቅ ነው።

ልጆቹም ቢሆኑ ዋጋ ከፍለዋል። ገና በለጋ ዕድሜ ከእናት ጉያ ወጥተው፣ በማያውቁት ብርድ፣ በማያውቁት ቋንቋ መሃል አደጉ። አንዳንዶቹ በበሽታ እዚያው ቀሩ። የተመለሱትም ለመንደራቸው ፈረንጅ፣ ለፈረንጁ ሐበሻ ሆነው፣ ከሁለት ያጡ ሆነው የተቸገሩ ነበሩ። ወላጅ ልጄን ውሰድልኝ ብሎ ሲሰጥ ምን እያሰበ እንደነበር፣ ልጁስ ምን እንደ ተሰማው፣ ከመጽሐፍ ብዙም አናገኘውም። የተጻፈው በአብዛኛው ወሳጁ ያየውን እንጂ የሰጠችው እናት ያየችውን አይደለም።

ይህን ጉድለት የሚያሟላው ማን ነው? ቋንቋውን የሚያውቅ፣ የሽማግሌውን ንግግር ከነሰምና ወርቁ የሚሰማ፣ መዝገብ ቤት ገብቶም ወረቀቱን ማንበብ የሚችል የራሳችን ልጅ ነው። ሌላ ሰው ሊጽፍልን ይችላል፤ ጽፎልንማል። ግን ሌላ ሰው ሲጽፍ ምን እንደሚጎድል ከፋይትሎቪች እናያለን።

ወረቀቱ የሠራው ሥራ

ፋይትሎቪች በ1920ዎቹ መጨረሻ ቴል አቪቭ ላይ ኑሯቸውን አደረጉ። ዕድሜያቸውን ሁሉ የሰበሰቡት መጽሐፍ፣ ደብዳቤና የብራና ጽሑፍ ቤታቸውን ሞልቶት ነበር። በ1955 ሲያርፉ ቤታቸውንና መጽሐፋቸውን ለቴል አቪቭ ከተማ ተናዘዙ። ዛሬ ያ ስብስብ በስማቸው በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በዚያው በ1955 የመጀመሪያዎቹ የቤተ እስራኤል ተማሪዎች ኬፋር ባትያ ገቡ። የግማሽ ምዕት ዓመት ልፋታቸው ፍሬ የታየው ልክ ሊያልፉ ሲሉ ነው።

አሁን ወደ እነዚያ ወረቀቶች እንመለስ። በ1973 ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው፣ ወደ እስራኤል ሊመጡ ይገባል ብለው ወሰኑ። ይህን ሲወስኑ ከራሳቸው አፍልቀው አልተናገሩም። በ16ኛው መቶ ዘመን ግብጽ ውስጥ የነበሩት ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ፣ ራድባዝ የሚባሉት፣ ከሐበሻ ምድር ተማርካ ስለ መጣች አንዲት ሴትና ስለ ልጇ ተጠይቀው፣ ሕዝቧ ከዳን ነገድ ነው ብለው የሰጡትን መልስ አነሡ። ከዚያ በኋላ የመጡ ረቢዎች የጻፉትን፣ ረቢ ኩክንም ጨምሮ፣ አስከትለው ጠቀሱ። በዚህ ላይ ቆሞ በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕግ እኛንም እንዲመለከት አደረገ።

አያችሁ? ስሟ እንኳ ያልቀረልን አንዲት ምርኮኛ ሴት ጉዳይ ግብጽ ላይ በወረቀት ስለሰፈረ፣ ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ ለእኛ በር ከፈተ። በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲገባ፣ አውሮፕላኑን ያስነሣው ነዳጅ ብቻ አልነበረም። ከአውሮፕላኑ በፊት ወረቀት ነበረ። ወረቀቱን ፈልጎ፣ አንብቦ፣ ይኸው ብሎ የሚያሳይ ሰው ነበረ።

ይሁንና ነገሩ በዚያ አላለቀም። ከገባንም በኋላ በሥርዓት ጥምቀት ካልገባችሁ ተብለን፣ በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ሕዝባችን ውጭ አድሮ ሰልፍ እንደወጣ ታስታውሳላችሁ። ማንነታችን በየጊዜው ማስረጃ ይጠየቅበታል። ማስረጃ ደግሞ ካልተጠበቀ ይጠፋል።

ወደ ቤር ሼቫ ስንመለስ

እንግዲህ ያች የልጅ ልጅ ታሪክ ትማር ወይስ አትማር? እኔ ለአያትየው የምመልሰው እንዲህ ነው። የእንጀራውን ጥያቄ አልንቀውም። ታሪክ የተማረ ሁሉ ወዲያው ጥሩ ደመወዝ ያገኛል ብዬም አልዋሽም። ነገር ግን በእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ ሁለት የትምህርት ክፍል አጣምሮ መማር የተለመደ ነው። ታሪክን ከሌላ ሙያ ጋር ይዛ መውጣት ትችላለች። ታሪክ የተማረ ሰው አስተማሪ ይሆናል፤ በመዝገብ ቤት፣ በሙዚየም፣ በጋዜጣ ይሠራል፤ ጨምሮ ሕግ ተምሮ ጠበቃ የሚሆንም አለ። አንብቦ መመዘን፣ አጣርቶ መጻፍ የሚችል ሰው ሥራ ፈትቶ አይቀርም።

ያለፈውን እኛው በነጻ እንነግራታለን ለሚለው ደግሞ፣ አዎ፣ ንገሯት! ግን እንነጋገር። መንገሩን ነግረናል ወይ? ሱዳን ላይ ወደ 4,000 የሚሆን ወገናችን አልቋል። ስማቸው ሁሉ ተጽፏል? የቀበርናቸው የት እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ሄደ፣ የትኛው መንደር በየትኛው ለሊት እንደ ተነሣ የሚያውቁት እናንተ ናችሁ። በየዓመቱ በየቤቱ ለቅሶ እንቀመጣለን። አንድ ሽማግሌ ባለፈ ቁጥር አንድ መንደር ከነአጥሩ አብሮ ይቀበራል። የልጅ ልጆቻችን ደግሞ አማርኛውም ትግርኛውም እየሸሸባቸው ነው። እኛ በአማርኛ ይዘን፣ እነሱ በዕብራይስጥ ጠይቀው፣ ሳንገናኝ ልንለያይ ነው።

ፋይትሎቪች ከፓሪስ ተነሥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በበቅሎ ወር ተጉዘው ነበር አባቶቻችንን ለመጠየቅ የሄዱት። ያች ልጅ ግን ከዳሌት ሰፈር ተነሥታ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ በእግሯ መድረስ ትችላለች፤ ከዚያ ተመልሳ የአያቷ ቤት ቡና ላይ መቀመጥ ትችላለች። እሳቸው ያልጠየቁትን፣ የእናቶችን ነገር፣ የቄሶችን ነገር፣ ልጁን ሰጥቶ የቀረውን አባት ነገር መጠየቅ የምትችለው እሷ ናት።

ስለዚህ አባቴ፣ ልጅቷን መርቀው ይስደዷት። ስትመለስ ደግሞ ለመሞገት ሳይሆን ለመንገር ይዘጋጁ። የመንደርዎን ስም፣ የአባትዎን የአያትዎን ስም እስከ ሰባት ትውልድ፣ ከቤት የወጡባትን ለሊት ይንገሯት። ምናልባት ከ100 ዓመት በኋላ የእኛን ጉዳይ የሚመረምር ሰው፣ እሷ ከእርስዎ አፍ የጻፈችውን ወረቀት ፈልጎ ያገኘው ይሆናል።